ለአሥራ አራት ኪሎ ቀስት የሚሆን ስለት

ቀስቱን የሠራሁት ለአደን አልነበረም፤ ለትከሻዬ ነው። ባለፈው ክረምት የሚያፈስ ቆርቆሮ ልመታ ጣሪያ ላይ ስወጣ ከመሰላል ወደቅኩና ቀኝ ትከሻዬ ወለቀ። ወጌሻ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ይህን የምጠቅሰው ባለቤቴ የኔአለም ወጌሻ ብሄድ ኖሮ በሳምንት እድን እንደነበር እስከ ዛሬ ስለምትነግረኝ ነው። ትከሻዬ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ሳምራዊት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ሰማያዊ ጎማ ሰጥታ በቀን ሦስት ጊዜ እንድስብ አዘዘችኝ። ሠላሳ ዓመት ቴክኒካል ድሮዊንግ ያስተማረ ሰው የበር እጀታ ላይ ጎማ አስሮ ሲስብ መዋሉ ያሳፍራል። በአራተኛው ቀን ጎማውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩና፣ የምስበው ነገር ቢያንስ የሚያስወነጭፈው ይኑረው ብዬ ቀስት ለመሥራት ተነሳሁ።

እንዳንደናገር ላስረዳ፤ መምህርነት ጡረታ አይወጣም። ብዙ ሰው የሚለጠጠውንም የሚወነጨፈውንም ቀስት ይላል። እኔ የሚለጠጠውን ቀስት፣ የሚወነጨፈውን ፍላጻ፣ ፍላጻው ጫፍ ላይ የሚሰካውን ብረት ስለት እላለሁ።

ግቢ ውስጥ የውኃ መስመር ሲዘረጋ የተረፈ የፕላስቲክ ቧንቧ ነበረኝ። በከሰል እሳት አለስልሼ ጫፍ ጫፉን ደፈጠጥኩት፣ ጎበጥ አደረግኩት፣ የናይሎን ሲባጎ አሰርኩበት። እስከ ጉንጬ ስስበው ስንት እንደሚከብድ በተንጠልጣይ ሚዛን ለካሁ፤ አሥራ አራት ኪሎ ሆነ። ሳምራዊት ከአሥራ አምስት እንዳላልፍ አስጠንቅቃኛለች። የጉልበተኛ ቀስት አይደለም፤ ግን የእኔ ነው።

ይህን ሁሉ የሠራሁት በአብዱልወዱድ ቶርኖ ቤት ነው። አብዱልወዱድ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ነው፤ ወሎዬ፣ የሐይቅ ከተማ ልጅ። እኔ ከደብረ ብርሃን፣ እሱ ከሐይቅ መጥተን መቀሌ ላይ ከተገናኘን ሃያ ሦስት ዓመት ሆነን። እኔ በወረቀት ላይ የምነድፈውን እሱ በብረት ያወጣዋል፤ ሲያወጣው ደግሞ ንድፌ ውስጥ ያለውን ስህተት ምንም ሳይነግረኝ አርሞ ነው። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱ ሁሉ ሲዘጋ ሁለት ቤት አንድ ቁና ገብስ ቆልተን ተካፍለን በልተናል። ስለዚያ ጊዜ ሁለታችንም ብዙ አናወራም።

ባለፈው ወር ሐኪሞቹ የአብዱልወዱድ ዓይን ግፊት ከዚህ በኋላ እንደማይሻለው ነገሩት። ጠርዝ ያያል፣ ብርሃን ያያል፣ የሚሽከረከር ብረት አጠገብ ግን መቆም የለበትም። ልጁ ከሐይቅ ደውሎ ኑ አለ፤ እሱና ሚስቱ ዘሃራም እሺ አሉ። የቶርኖ ማሽኑ ተሸጠና ገዢው በወሩ መጨረሻ ሊወስደው ቀጠሮ ያዘ። ጉዟቸው ቅዳሜ ሆነ፤ ሁለት ሳምንት ቀረ።

ይህን ስሰማ ሆድ ባሰኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ የመጣብኝ ሐሳብ ግን የሚገርም ነበር። ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ትሪ ሥጋ በልቼ አላውቅም። ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎ ቁጥር የለውም። በፋሲካ እኔ ለራሴ በግ ስገዛ ለእሱ ለብቻው ሙክት ባይሆን ዶሮ ገዝቼ ቢላዋውን አቀብለዋለሁ፣ በእጁ አርዶ ዘሃራ በራሷ ድስት ትሠራለታለች። በኢድ እሱ እንዲሁ ያደርግልኛል። የክርስቲያን ሥጋ ለክርስቲያን፣ የእስላም ሥጋ ለእስላም፤ እንዲህ ኖረናል፣ ማንም በማንም አይቀየምም። ግን ሊሄድ ነው። ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንዲት ቀን፣ በእጄ ያመጣሁትን ሥጋ ከአንድ ትሪ አብሬው ልብላ አልኩ። ሌላ የምሰጠው ነገር አልታየኝም።

መላው የተገለጠልኝ ቀስቱን ሳይ ነው። ጠቡ ያለው ቢላዋው ላይ ነው፤ ማን አረደ፣ በማን ስም አረደ። ቆቅ ግን የዱር ናት፤ በፍላጻ ከተወጋች አራጅ የላትም። አራጅ ከሌላት የማንም አይደለችም፤ የማንም ካልሆነች ደግሞ የሁላችንም ናት። እንዲህ ሲደረደር የሚያምር ነገር ነበር። የኔአለም ሰምታኝ ስታበቃ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ፣ ሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼን ምን እንዳስተማርኳቸው ጠየቀችኝ። እኔ ፍንክች አላልኩም።

ቆቅ ያለችበትን አውቃለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ዓይናለም በሚባል መንደር ገብረጻድቅ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ጓሮው ሽምብራ ይዘራል፣ ቆቆቹ ዘሩን እየጫሩ ፈጅተውበታል። ከጣብያው፣ ማለት ከቀበሌው፣ አስተዳደር ሰብሉን እንዲከላከል ወረቀት ተጽፎለታል። እሱ በደስታ ኑ አለ። የቀረው ፍላጻው ነበር።

እዚህ ላይ ነው መምህርነቴ የተነሳብኝ። አብዱልወዱድን ቶርኖ ቤቱ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ቆቋን አብረን ልንበላ መሆኑን ነግሬው፣ ስለ ስለቱ አስረዳሁት። ብርቱ ቀስት ያለው ሰው የፈለገውን ስለት ይሰካል፤ ጉልበቱ ይገፋለታል። የአሥራ አራት ኪሎ ቀስት ያለው ሰው ግን ድሃ ነው፤ ያለችውን ጉልበት ማባከን የለበትም። ሰፊ፣ ባለ ሦስት ክንፍ ስለት ሲያዩት ያስፈራል፣ ሲነካ ግን ጉልበቱን ቆዳው ላይ ይጨርሳል። ጠባብና ባለ ሁለት አፍ ስለት ራሱ መንገዱን እየቀደደ ይገባል። ፍላጻውም ቀላል ከሆነ ፈጥኖ ይወጣል፣ ግን ደርሶ ይቆማል፤ ከበድ ካለ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሲደርስ ግን አይመለስም። ክብደቱም ወደ አፍንጫው ማድላት አለበት።

አብዱልወዱድ ጢሙን እያሻሸ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ ለቆቅ ነው ወይስ ለጎሽ ብሎ ጠየቀ። ሥራ ግን ጀመረ። ማሽኑ ላይ እኔ ቆሜ ዓይን ሆንኩለት፣ እሱ እጄን እየያዘ ይመራኝ ነበር። ከአሮጌ የብረት መጋዝ ሁለት ዓይነት ስለት አወጣን፤ አንዱ ባለ ሦስት ክንፍ፣ ሌላው የወይራ ቅጠል የሚመስል ጠባብ ባለ ሁለት አፍ። ለፍላጻ ዘንግ የቆረጥኳቸውን ሸምበቆዎች ጥላ ውስጥ አድርቄ በፍም ላይ አቀናኋቸው። በጣም ግትሮቹ ከእኔ ቀስት ሲወጡ ወደ ግራ ይሸሻሉ፤ እነሱን ጣልኩ። ከቀሩት በአንዳንዱ አፍንጫ ውስጥ የተቆረጠ ሚስማር ከትቼ አከበድኩት።

ገለባ የሞላ ጆንያ የአብዱልወዱድን የቆዳ ሽርጥ አልብሰን በአሥራ አምስት እርምጃ ሞከርን። ባለ ሦስት ክንፉ ሽርጡን ነክቶ ተመልሶ ወደቀ። ጠባቡ በቀላል ሸምበቆ ላይ ሲሰካ ጣት ያህል ገባ፤ በሚስማር በከበደው ላይ ሲሰካ ግን ሽርጡን በስቶ እስከ ግማሹ ጠፋ። እንደ ሕፃን ጮቤ ረገጥኩ። አብዱልወዱድ ሽርጡን ዳሰሰና፣ ይህን ሽርጥ ሃያ ዓመት የብልጭታ እሳት ሳይበሳው አንተ በሳኸው አለኝ፤ ተሳስቀን ሄድን።

በጉዞው ሳምንት ማክሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአብዱልወዱድ ጋር ባጃጅ ይዘን ዓይናለም ደረስን። ገብረጻድቅ፣ «ከመይ ሓዲርኩም» እያለ ተቀብሎን ከሽምብራው በላይ ካለው እርከን ጀርባ አደላደለንና ወደ ከብቶቹ ሄደ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ቆቆቹ ፀሐይ ስትወጣ መጡ፤ አራት ነበሩ፣ እየጫሩ፣ እየተነጋገሩ። የቀረበችው በአሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ስትደርስ ሳብኩ። ትከሻዬ አልከዳኝም። ፍላጻው በንድፌ ላይ እንዳለው አድርጎ ሄደ፤ ገብቶ ወጣ፣ ቆቋም አንድ ጊዜ ብቻ ክንፏን መታች።

ስደርስ ሞታለች። አነሳኋት። ሙቅ ነበረች፣ ከክንፏ በታች ያለው ላባ ለስላሳ ነው። እዚያው እንደቆምኩ አንድ ነገር ገባኝ። ይቺን መብላት አልችልም። ቢላዋ አልነካትም፣ ነፍሷ ሳትወጣ ማንም ስም አልጠራባትም። ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሶ አያውቅም፤ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ላይ በጂኦሜትሪ አሳምኜ ላበላው አልችልም።

ገብረጻድቅ ቀርቦ አየኝ። «መምህር፣ ቢላዋው የት አለ?» አለ። ቢላዋ አላመጣንም አልኩት። ራሱን ነቀነቀና በሐዘኔታ፣ «እሞ በኽቲ እዩ፣ ሓወይ» አለኝ። በክት ነው። ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ ማምለጫ የለውም።

ወደ አብዱልወዱድ ዞርኩ። እርከኑ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ለፀሐይዋ ሰጥቷል። እሱም እንደማይበላት ገባኝ፤ ቢስሚላህ ያላለ ሰው የወረወረውን እንዴት ይበላል። ሦስት ወንድ አንዲት ቆቅ ይዘን አንዳችንም ልንበላት አልቻልንም። የማንም አይደለችም ያልኩት ልክ ነበር፤ የሁላችንም ናት ያልኩት ላይ ነው የተሳሳትኩት። አፈርኩ። ለምንም የማትሆን ነፍስ አጥፍቼ ነው የቆምኩት። ገብረጻድቅ ለውሻዬ ትሁን ብሎ ወሰዳት።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት አብዱልወዱድን።

«አውቅ ነበር።»

«ከመጀመሪያው?»

«ቶርኖ ቤት ስታስረዳኝ። አንተ በክት እንደማትበላ እኔ አላውቅም እንዴ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሰሌዳ ፊት እንደቆምክ ሆነህ ስታስረዳ ድምፅህ ደስ ብሎት ነበር» አለኝ። «እኔ ደግሞ ፊትህ በደንብ አይታየኝም አሁን። ድምፅህን ነው የማየው። ምን ልበልህ?»

ወደ ከተማ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጉልበቴን በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ «አብሽር» አለኝ።

ቤታቸው ስንደርስ ዘሃራ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትደረድር ነበር። ባዶ እጃችንን አይታ ጠየቀችን፤ አብዱልወዱድ ሁሉንም ሳያስቀር ነገራት፤ እኔ የጫማዬን አፈር እያየሁ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ የያዘችውን ሳህን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሽ ከፋለ፣ አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት፣ አልፈርድብዎትም» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ግን የሐይቅ ልጅ ሆነህ! ለመሆኑ ዓሣን ማን አረደው ብሎ የጠየቀ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ዓሣ። ክርስቲያኑም እስላሙም ከውኃ አውጥቶ የሚበላው፣ ቢላዋ የማይጠብቅ፣ በክት የማይባል ዓሣ። እሱ ከሐይቅ የወጣው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አፉ ረስቶታል። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ ለእኔ ዓሣ ሥዕል ላይ ያለ ነገር ነው። የኔአለም በአጥሩ በኩል ሰምታ፣ ታዲያ ከሱቅ የቀዘቀዘ ዓሣ ይገዛ አለች። አልተዋጠልኝም። ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቄ ከፍሪጅ የወጣ ነገር ላበላው?

ለገብረጻድቅ ስደውልለት፣ ከኵሓ ከተማ ወዲያ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ያለባትን አንዲት ትንሽ ግድብ ጠቆመኝ፤ ጠባቂዋ የእህቱ ባል ነው። ሐሙስን ቀጠርን፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ቅዳሜ መንገድ ነው፣ ሌላ ቀን የለም።

ማክሰኞና ረቡዕ ስለቱን እንደገና ሠራን። ለውኃ የሚሆነው ሌላ ነው። ላባ አያስፈልግም፤ ውኃው ውስጥ ይጎትታል። ፍላጻው ከመጀመሪያው የባሰ መክበድ አለበት፤ ውኃ ከቆዳ ይልቅ ጉልበት ይበላል። ስለቱ ያው ጠባቡ ሆነ፣ ግን ዓሣው ተንሸራቶ እንዳያመልጥ በስተኋላው ሁለት የተቀለበሱ ጥርሶች በየዳን። ጭራው ላይ የናይሎን ክር አስረን ሌላውን ጫፍ ባዶ ሃይላንድ ላይ ጠመጠምነው፣ ፍላጻው ቢሰምጥ ሃይላንዱ ይንሳፈፋል። ለአሥራ አራት ኪሎ ቀስት ይህ ሥራ አይከብድም፤ ዓሣው ቅርብ ነው፣ ቆዳው ስስ ነው። የመጨረሻውን ጥርስ የሞረድነው ረቡዕ ማታ ነው፤ በዚያ ማሽን ቤት የተሠራ የመጨረሻ ነገርም እሱ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ሱሪያችንን ጠቅልለን ግድቧ ዳር ቆምን። ውኃ ውስጥ ያለ ነገር ካለበት ከፍ ብሎ እንደሚታይ ስለማውቅ ማዕዘኑን በወረቀት አስልቼ በኪሴ ይዤ ነበር። አብዱልወዱድ ወረቀቱን ኪሴ እንድመልሰው ነግሮኝ፣ ሆዱ ከሚታይህ ቦታ በታች ምታ አለኝ፤ በቃ። እንዳለኝ አደረግኩና ሳትኩ። ደግሜ ሳትኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ሳትኩ፤ ቆጥሬያለሁ። ወደ አሉላ አባ ነጋ ማረፊያ የሚወርደው አውሮፕላን ከላያችን ሲያልፍ ዓሦቹ ሁሉ ተበተኑና ግማሽ ሰዓት ጠበቅን።

ከዚያ አብዱልወዱድ ሸምበቆው ሥር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ አለ። እኔ የሰማሁት ነገር የለም። በእጁ አቅጣጫ አሳየኝ፤ ዝቅ ብዬ ሳይ እውነትም ሦስት ቆሮሶ አፋቸውን ከውኃው በላይ ብቅ እያደረጉ ይለቅማሉ። ቀስቱን ለጠጥኩ፣ ከሆዱ በታች አነጣጠርኩ፣ ለቀቅኩ። ሃይላንዱ ከእግሬ ሥር ተነስቶ ሲሮጥ ሳየው የምይዘውን አጣሁ። አብዱልወዱድ ክሩ እጁ ላይ ሲደርስ ያዘና ሳቁን ለቀቀው፤ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዓመት ሆኖኛል። እስከ ቀትር ሦስት አወጣን።

ምሳው ዘሃራ ቤት ሆነ። ካርቶኖቹን ግድግዳ ሥር ገፍተው ምንጣፍ አነጠፉ። የኔአለም ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ መጥበሻ ገዝታ መጣች፤ ሁለቱ ሴቶች አንዷ እየቆረጠች አንዷ እየጠበሰች ከወጥ ቤት የሚወጣው ሳቅ ስለ እኛ እንደሆነ ግልጽ ነበር። ዓሣው በአንድ ትሪ፣ በአንድ እንጀራ ላይ ቀረበ። አብዱልወዱድ ቢስሚላህ አለ፣ እኔ አማተብኩ፣ እጃችንን ዘረጋን።

መብላት ግን አልቻልኩም። እሾሁ። ያገኘሁት ሁሉ እሾህ ነው፤ አንዱን ሳወጣ ሌላው ድዴን ይወጋኛል። እኔ ለማብላት የመጣሁት ሰውዬ እንጀራ እያላመጥኩ ዓሣውን አያለሁ። ብድግ ብዬ ብሄድ በወደድኩ።

አብዱልወዱድ ማላመጥ ማቆሜን ሰማ መሰለኝ። ከትሪው አንድ ቁራጭ ወሰደ። ዓይኑን ወደ በሩ ብርሃን አድርጎ፣ ዓሣውን በጣቶቹ መሀል ቀስ እያለ ዳሰሰው። የፀጉር ያህል ቀጭን እሾህ እያገኘ፣ አንድ በአንድ እየመዘዘ፣ ጠርዙ ላይ ደረደረ። አራት፣ አምስት፣ ሰባት። ነጩን ሥጋ በእንጀራ ጠቀለለና እጁን ዘረጋ፤ አፌ የት እንዳለ በትክክል ስላልታየው እኔ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩት። ጣፋጭ ነበር። አንድ ብቻ አይሆንም ብሎ ደገመኝ፣ ያንንም እንዲሁ ለቅሞ።

ሦስተኛውን እኔ ጠቀለልኩለት። የቻልኩትን ያህል ለቀምኩ፤ ዓይኔ ደህና ነው፣ እጄ ግን አያውቅም። አጎረስኩት። አላመጠ፣ ቆም አለ፣ እንደገና አላመጠ። ጉንጩ ላይ እሾህ እንደተሰካበት አየሁ። ከጥርሱ መሀል አውጥቶ ሳያሳየኝ ጠርዙ ላይ ከሌሎቹ እሾሆች ጋር አስቀመጠው።

«ጣፈጠኝ» አለ። «ድገመኝ።»